የተጠረጉት በሮች

ትሩፋትን ያገኛት ዓርብ ጠዋት ሥራ ሊጀምር የመጣ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ለቡ ዳር ግንቡ ወገብ ድረስ ደርሶ የቆመ ቤት አለ፤ ለአጥሩ መሠረት በተቆፈረው ቦይ ውስጥ በጎኗ ተኝታ ነበር። ነጭ ጋዋኗ በአፈር ተለውሷል። ሰማያዊዋ የክትባት ሳጥን ከራስጌዋ ተቀምጣለች። ቆፋሪው መጀመሪያ ደክሟት ያረፈች መንገደኛ መስላው «እህቴ፣ ደህና ነሽ?» ብሎ ተጣርቷል። ይህን ሲነግረኝ እንባው መጣ።

ከጆሮዋ በላይ የተመታችበት ብሎኬት ሁለት እርምጃ ርቆ ወድቋል። ጸጉርና ደም ይዟል። መኩሪያ እባላለሁ፤ ኢንስፔክተር ነኝ። ሬሳ ማየት ይለመዳል የሚሉ ሰዎች ወይ አላዩም ወይ ይዋሻሉ። እኔ ሃያ አንድ ዓመት አይቼ አልለመድኩትም።

«ጌታዬ፣ ገዳዩ የታወቀ ነው» አለኝ ረዳቴ አሥር አለቃ ዑስማን።

«ማን አወቀው?»

«ሰፈሩ በሙሉ።»

ሰፈር በሙሉ የሚያውቀውን ነገር እፈራለሁ። «ንገረኝ እስቲ» አልኩት።

«ላቀው የሚባል ግንበኛ ነው። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዱላ አባሯታል። ‹ሁለተኛ እዚህ ሰፈር ብትረግጪ እግርሽን እሰብረዋለሁ› ሲላት ሃያ ሰው ሰምቷል። ምክንያቱ ይኸው።» ብሎ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ።

ፎቶኮፒ ነው፤ የኮፒ ኮፒ በመሆኑ ፊደሉ ደብዝዟል። እንዲህ ይላል፦

«አስቸኳይ። ይህ መልእክት ከዋሽንግተን በኢሜይል የደረሰ ነው። የልጅነት ልምሻ ክትባት እንሰጣለን ብለው የሚዞሩት ሰዎች ተልከው ነው። በራችሁ ላይ በጠመኔ የሚጽፉት ቁጥር መንግሥት ለባለሀብት በሸጠው መሬት ላይ ያሉ ቤቶች የሚፈርሱበት ምልክት ነው። ጠብታውም ልጆቻችሁን መካን ያደርጋል። ምልክቱን ዛሬውኑ አጥፉ። ይህን አንብቦ ለአሥር ሰው ያላስተላለፈ በቤቱ ላይ የሚደርሰውን ያያል።»

1991 ኅዳር ነበር። ሰሜን ላይ ጦርነት አለ፤ ሰው በሬዲዮ ከሚነገረው ይልቅ በጆሮው የሚንሾካሾክለትን ያምናል። ለቡ ደግሞ ግማሹ ቤት በአንድ ሌሊት የቆመ የጨረቃ ቤት ነው። ካርታ የሌለው ሰው በሩ ላይ ቁጥር ሲያይ ምን እንደሚያስብ መገመት አይከብድም።

ቁጥሩ እውነተኛ ትርጉም አለው። ክትባት ሰጪዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ የጨረሱትን ቤት እንዳይደግሙት በሩ ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ። ከላይ ጠብታ የወሰዱት ልጆች ቁጥር፣ ከሥር በቤቱ ያሉት ልጆች ቁጥር። ሁለት በሁለት ማለት ሁለቱም ወስደዋል ማለት ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

መንደሩን ቀና ብዬ ሳየው አንድም ቁጥር በአንድም በር ላይ አልቀረም።

*

ላቀው ከንፈሩ አብጦ ነበር። «ሲያዝ ወድቆ ነው» አሉኝ። እኛ ቤት ሰው ሲያዝ ብዙ ጊዜ ይወድቃል።

«አልገደልኳትም» አለኝ ገና ሳልቀመጥ።

«ዱላ አንስተሃል።»

«አንስቻለሁ።»

«ለምን?»

«ቤቴን ልታስፈርስ ነው ብዬ።»

«ማን ነገረህ?»

«ወረቀቱ።»

«ወረቀት ሰው ነው?»

«በኮምፒውተር ነው የመጣው ጌታዬ። ሰው ይዋሻል፤ ኮምፒውተር ምን አግኝቶ ይዋሻል?»

ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሚስቱ በወሊድ ሞታለች፤ ሲና የምትባል የሦስት ዓመት ሴት ልጅ ብቻ አለችው። አሁን ጎረቤት ቤት ናት።

«ትሩፋት ምን አለችህ?»

«‹ልጅህ ጠብታ አልወሰደችም፤ በርህ ላይ የተጻፈው ውሸት ነው፤ ስለዚህ ልስጣት ነው የመጣሁት› አለችኝ። ምልክቱ ውሸት መሆኑን ራሷ አመነች ማለት ነው አልኩ። ዱላውን ያነሳሁት ያኔ ነው።»

«ከዚያ በኋላ የት ነበርክ?»

«ቤቴ።»

«ማን ይመሰክርልሃል?»

«ሲና ነበረች።» አንገቱን ደፋ። «ቢፈረድብኝ ልጄን ማን ይይዝልኛል?»

መዝገቡን ዘግቼ ተነሣሁ።

አለቃዬ ሻለቃ ቸኮል ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው እሱን አይተው መሆን አለበት። «ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ መዝገቡ ለዓቃቤ ሕግ ይሂድ» አለኝ።

«ገና አልጨረስኩም።»

«ሃያ ምስክር አለህ። ሃያ አንደኛውን ለምን ፈለግከው?»

«ሃያውም ያዩት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሐኪሙ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው የሞተችው ይላል።»

«የዛተ ሰው ሦስት ሰዓት መጠበቅ አይችልም? ሰኞ፣ መኩሪያ።»

*

ትሩፋት ትሠራበት የነበረው ጤና ጣቢያ ጎፋ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ግቢው ውስጥ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። የክትባቱ ተቆጣጣሪ ክብረት ይባላል፤ አምሳ የሚጠጋ፣ ኮቱ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ሞተር ሳይክሉን በር ላይ አቁሞ ወንበር አቀረበልኝ። ለልቅሶው ድንኳን የላከው፣ ለእናቷ መርዶ ነጋሪ የመረጠው እሱ ነው። ከጀርባው ግድግዳ ላይ የዐምናው የምስጋና ወረቀት በመስተዋት ተሰቅሏል።

«እንደ ልጄ ነበረች» አለኝ። «ሐሙስ ማታ ሳጥኗን ትመልሳለች ብዬ እስከ አንድ ሰዓት ዕቃ ግምጃ ቤት ጠበቅኳት። ዘበኛውን ይጠይቁት።»

ዘበኛውን ጠየቅሁት። «አዎ ጌታዬ፣ መብራቱ እስከ አንድ ሰዓት በርቶ ነበር» አለኝ።

ከትሩፋት ጋር የምትዞረው ገዲሴ ናት። አገሯ ወሊሶ፣ ሙያዋ ጤና ረዳት፤ እጇን ጭኗ መሐል ቀብራ ተቀምጣለች።

«እስከ ስንት ሰዓት አብራችሁ ነበራችሁ?»

«እስከ አሥራ አንድ።»

«ላቀው ሲያባርራት ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«ምን ዓይነት ዱላ ነው የያዘው?»

«አላስታውስም» አለች። ዱላ የተነሣበት ሰው ዱላውን አይረሳም። ዋሽታኛለች። ለምን እንደሆነ ግን ገና አላወቅኩም።

*

ወረቀቱ የተባዛው የት እንደሆነ ማወቅ አላስቸገረም። ጎፋ ገበያ ዳር ዝማሬ የምትባል ሴት ፎቶኮፒ ቤት አላት። ገና ወረቀቱን ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

«ስንት አባዛሽ እህቴ?»

«መጀመሪያ አሥር ብቻ ነው ጋሼ። ማክሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት በበሩ ሥር ተከቶ አገኘሁት። እኔ ጌታን ነው የማምነው፤ እንዲህ ያለ ነገር አልፈራም። ግን አሥር ኮፒ ምን ይጎዳል ብዬ…»

«ከዚያስ?»

«ደንበኛ አየው። ‹ለእኔም፣ ለእኔም› አሉ። አልቆጠርኩትም።»

«የመጀመሪያው ምን ይመስላል?»

«እሱ ፎቶኮፒ አይደለም። ቀለሙ እርጥብ ነበር፤ እጄን ነክቶኝ በሳሙና ነው የለቀቀው።» ትንሽ አሰበች። «ወሬው ግን እውነት መስሎኝ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ዮኒ ከኮምፒውተር ያወጣውን የእንግሊዝኛ ወረቀት ሰጥቶኝ እዚህ ግድግዳው ላይ ለጥፌው ነበር። እሱም ስለ ጠብታ ነው። ዮኒ የመዘምራን ጓደኛዬ ነው፤ አንድ የበጎ አድራጎት ቢሮ ውስጥ ይሠራል።»

«ማን ማን አነበበው?»

«እዚህ የሚገባ ሁሉ። አስተማሪው፣ የቀበሌው ሰው፣ ጤና ጣቢያዎቹ… ሰው ኮፒ እስኪወጣ ግድግዳ ከማየት ሌላ ምን ሥራ አለው?» ልወጣ ስል ደግሞ ጨመረችልኝ። «ያቺ ገዲሴ እንዴት ሆነች? ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ እዚህ በር ላይ ቁጭ ብላ ስትንቀጠቀጥ ውኃ የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ገዲሴ ጎፋ ከነበረች፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለቡ አልነበረችም።

ዮኒን ቅዳሜ ቢሮው አገኘሁት። ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ በስልክ መስመር እየጮኸ እስኪገናኝ ጠብቀን፣ ደብዳቤውን አሳየኝ። ኢሜይል ሲባል ስሰማ ከማኅተም በላይ የሆነ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ከአውቶቡስ ላይ ወሬ የሚለየው በፍጥነቱ ብቻ ነው።

«የአክስቴ ልጅ ነው ከዋሽንግተን የላከልኝ» አለ ዮኒ። «ለእሱም ሌላ ሰው ልኮለት ነው። እዩ፣ እዚህ ጋ ያስተላለፉት ሰዎች ስም ተደርድሯል። ስድስት ናቸው። የመጀመሪያውን ሰው ማንም አያውቀውም።»

«ምን ይላል?»

ተረጎመልኝ። የሌላ አገር ወሬ ነው። የዚያ አገር መንግሥት ምርጫ ሊያሸንፍ ሲል የጠላቱን ጎሣ ልጆች በጠብታ ያመክናል ይላል። ለአሥር ሰው አስተላልፉ የሚለው አለበት።

«ለቡ የሚል አለ?»

«የለም።»

«በር? ጠመኔ? የሚፈርስ ቤት?»

«ኢትዮጵያ የሚል ቃል ራሱ የለውም ጋሼ። ላስቅ ብዬ ነው ለዝማሬ የሰጠኋት።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ሰው ሞተበት አይደል?»

«ሞተበት» አልኩት። ላጽናናው አልሞከርኩም።

*

ገዲሴ ሁለተኛ ስጠይቃት አልካደችም።

«ረቡዕ ያ ወረቀት ደረሰኝ። ሐሙስ ለቡ ስንደርስ የሰዉ ዓይን ደስ አላለኝም። ስድስት ሰዓት ላይ ‹እንመለስ› አልኳት። ‹አንቺ ተመለሽ፤ እኔ የጀመርኩትን ልጨርስ› አለችኝ። ትቻት ሄድኩ።» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ሥራ ጥዬ መሄዴ እንዳይታወቅብኝ ነው የዋሸሁት። እሷ ሞታ እኔ ለደመወዜ ስዋሽ።»

«ምን ነበር የጀመረችው?»

«ሰኞ ያመለጡ ቤቶችን ልንጨርስ ሄደን ነበር። ታችኛው ለቡ ስንደርስ ከአንዲት እናት ጋር ስታወራ ቆየች። ከዚያ ደብተሯን አውጥታ የየበሩን ቁጥር መጻፍ ጀመረች። ምንድን ነው ብላት ‹ባወቅሽ ቁጥር ትፈሪያለሽ› አለችኝ። ታውቀኝ ነበር።»

ሬሳው ላይ ደብተር አልነበረም። ሳጥኑ ውስጥም አልነበረም። ላቀው ማንበብ የሚችለው በጭንቅ ነው፤ ደብተር ምን ያደርግለታል?

*

እሑድ ከዑስማን ጋር ታችኛው ለቡ ወረድን። ማንም ሊያናግረን አልፈለገም። ሴቶቹ ሲያዩን ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይገባሉ። በመጨረሻ ጫልቱ የምትባል፣ ጠላ የምትሸጥ ሴት ደጇ ላይ አገኘን።

«ላቀውን ስትፈቱ ነው የማወራችሁ» አለች።

«እሱን ለመፍታት ነው የመጣሁት እመቤት።»

አየችኝ። አላመነችኝም፤ ግን በርጩማ ገፋ አደረገችልኝ።

የበሯ ቆርቆሮ ላይ በጥፍርና በድንጋይ የተፋቀ የጠመኔ ፍርፋሪ ይታያል። ከጎኗ ያለው ቤት ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። የእሱ በር ግን ከሌላው ይለያል፤ አቧራው ሳይቀር በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ አንድ ቦታ ብቻ ያበራል።

«ይኼ የማን ነው?»

«ባለቤቶቹ ከጥቅምት ጀምረው ናዝሬት ናቸው።»

«እና ማን ጠረገው?»

«እኔ ምን አውቄ? ሐሙስ ከሰዓት ቁጥሩ ነበረበት። ዓርብ ጠዋት ሳየው የለም።»

«ምን የሚል ቁጥር?»

«ሁለት በሁለት።»

ዑስማን ቀና ብሎ አየኝ። ጥቅምት ላይ የተዘጋ ቤት ከሳምንት በፊት፣ በክትባቱ ዘመቻ ቅዳሜ፣ ሁለት ልጅ አስከትቧል።

«ያንቺስ?»

«የእኔ ሦስት በሦስት ነበር። ልጆቼ ሁለት ናቸው። የዘመቻው ቅዳሜ ገበያ ውዬ ስመለስ ተጽፎ አገኘሁት። ጠብታ የሚባል ነገር አላዩም። ይህንኑ ሰኞ ለዚያች ለሟቿ ነግሬያት ደብተሯ ላይ ጻፈች።» ከዚያ በግልጽ እያፈረች ቀጠለች። «ሐሙስ ልትሰጣቸው ስትመጣ ግን ወረቀቱን አይቼ ስለነበር በሩን ዘጋሁባት። ቀስ ብላ አንኳኳች። ዝም አልኩ።»

ላቀው የነገረኝ ትዝ አለኝ። በርህ ላይ የተጻፈው ውሸት ነው ብላዋለች። እውነቷን ነበር። አንድ ሰው ጠብታ ሳይሰጥ በሮቹ ላይ ቁጥር ሲጽፍ ውሏል፤ ትሩፋት ደርሳበታለች። ያ ሰው መቶ በር ዞሮ ቁጥሩን ሊያጠፋ አይችልም። ባለቤቶቹ ራሳቸው እንዲያጠፉት የሚያደርግ ወረቀት ግን መጻፍ ይችላል። በሩን የሚያጠፋ ሰው ያልነበረው ይህ የተዘጋ ቤት ብቻ ነው፤ እሱን ራሱ መጥቶ ጠረገው።

ማታ ገዲሴ ቤት ሄጄ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኳት። የዘመቻው ቅዳሜ ታችኛው ለቡን የሸፈነው ማነው?

«ክትባት ሰጪው ታሞ ነበር» አለች። «ጋሽ ክብረት ራሱ ነው የወጣው።»

*

ሰኞ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጤና ጣቢያው ደረስን። ሦስት ሰዓት ላይ ላቀው ይሄዳል። ያለኝ ነገር ቢኖር ጠላ ሻጭ ምስክርና የተወለወለ በር ነው። ሻለቃ ቸኮል በዚህ ይስቅብኛል።

ዘበኛውን ደግሜ ጠየቅሁት። «ሐሙስ ማታ መብራቱን አየህ። ክብረትን አይተኸዋል?»

«መብራቱን ነው ያየሁት።»

«ሞተር ሳይክሉስ ግቢ ውስጥ ነበር?»

ጭንቅላቱን አከከ። «እንኳን ጠየቁኝ። አልነበረም።»

ዕቃ ግምጃ ቤቱን የሚይዙት ሸዋረገድ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው፣ ቁልፋቸውን በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉ ሴት። አንድ ጥግ ላይ በእጅ የሚዞር የማባዣ ማሽን አለ። ቀለሙን ነካሁት። ጣቴ ጠቆረ። ዝማሬ በሳሙና ነው የለቀቀው ያለችው ትዝ አለኝ።

«እትዬ ሸዋረገድ፣ በዚህ ማሽን ከተባዛ በኋላ ስቴንስሉ የት ይጣላል?»

«ይጣላል?» ቅር አላቸው። «እዚህ ቤት ስቴንስል አይጣልም። ታጥቦ፣ ተሰጥቶ፣ በጋዜጣ መሐል ይቀመጣል። ቅጹ ተመሳሳይ ስለሆነ ደግመን እንጠቀምበታለን። አንድ የጣለ ከደመወዙ ይቆረጣል ብሎ ጋሽ ክብረት ነው ያዘዘው። እኔ ቅርጫት ውስጥ ሳይቀር እለቅማለሁ።»

«ያለፈው ሳምንት የለቀሙት አለ?»

«ማክሰኞ ጠዋት አንድ ነበር። ተጨማዶ ተጥሎ። ማን እንደጣለው እንኳ አልጠየቅኩም፤ አጥቤ አሰጣሁት።»

«አንብበውታል?»

«መነጽሬ ተሰብሯል ልጄ።»

ከጋዜጣው መሐል አወጡልኝ። ስቴንስል ማለት ታይፕ ሲመታበት ፊደሉ የሚበሳ ስስ ወረቀት ነው፤ ቀለሙ ሲታጠብ ቀዳዳው ይቀራል። ወደ መስኮቱ ዘረጋሁት። የጠዋት ፀሐይ በፊደሎቹ አለፈች። *አስቸኳይ። ይህ መልእክት ከዋሽንግተን በኢሜይል የደረሰ ነው።*

ዑስማን በሹክሹክታ እስከ መጨረሻው አነበበው። እትዬ ሸዋረገድ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ክብረት በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መቼ እንደመጣ አላየሁም። ስቴንስሉን አየ፤ ከዚያ ሴትዮዋን አየ።

«ጥለኸው ነበር» አልኩት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንቱታውን ተውኩት።

«ጥዬው ነበር» አለ። ቢሮው ገብቶ ባለፈው ባቀረበልኝ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ተከተልነው። ለካቴና እጁን እንዲያወጣ ዑስማን ሲነግረው እንደ ታዛዥ ተማሪ ዘረጋ።

«ዘመቻው ሊጀመር ሲል በላምባ የሚሠራው የክትባት ማቀዝቀዣ ጠፍቶ አደረ» አለ ሳልጠይቀው። «እኔ ነበርኩ ላምባ መሙላት የነበረብኝ። ለታችኛው ለቡ የተመደበው ጠብታ በሙሉ ሞቀ። የሞቀ ጠብታ ውኃ ነው፤ አይሰጥም። ደፋሁት። ግን ምን ብዬ ልናገር? ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ብልቃጥ አላበላሸሁም። ታኅሣሥ ላይ ሁለተኛ ዙር አለ፤ ያኔ ሁሉም ይወስዳሉ ብዬ ቁጥሩን ብቻ ጻፍኩ።»

«ትሩፋትስ?»

«ሰኞ ማታ መጣች። ‹ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ይናገሩ፤ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እጠብቅዎታለሁ› አለችኝ። እንዳላፍር ብላ።» ስቴንስሉን ተመለከተ። «የዚያን ማታ ፎቶኮፒ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያነበብኩት ወረቀት ትዝ አለኝ። እኔ እንዲጠርጉት ብቻ ነበር የፈለግኩት። በሩ ከጠራ የእሷ ደብተር ምን ማስረጃ ይሆናል? ሐሙስ ማታ የተዘጋውን ቤት ስጠርግ አገኘችኝ። ‹ወረቀቱንም የጻፉት እርስዎ ነዎት?› አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም። ልትሄድ ዞረች፤ ቦዩ ጋ ደረስኩባት።»

«ደብተሩ?»

«አቃጠልኩት።»

ጠላሁት። ሰውን መጥላት ለፖሊስ አይፈቀድም ይላሉ፤ እኔ ግን ጠላሁት። ከሁሉ በላይ የጠላሁት ያን ያህል ክፉ ሰው ስላልነበረ ነው። አንድ ማለዳ «ረስቼ ነው» ማለት አቅቶት፣ ሰው ገድሎ፣ ድንኳን ልኮ፣ መርዶ ነጋሪ መርጧል።

ሻለቃ ቸኮል ጋ ስንደርስ ለሦስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ነበር። ላቀውን መኪና ላይ አስቀምጠውታል።

*

ላቀውን የፈታሁት እኔ ነኝ። እውነቱን በሙሉ ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«እውነቷን ነበር ለካ» አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገዲሴ አዲስ ጠብታ ይዛ ታችኛው ለቡ ገባች። መቶ ስድስት ቤት ነው። የደንብ ልብሴን ለብሼ ከጎኗ ሄድኩ፤ ወረቀቱ ውሸት መሆኑን፣ የጻፈው ሰው መያዙን በየደጁ ተናገርኩ። ሰባት በር አንኳኳን፤ ሰባቱም ጭጭ አሉ። ከስምንተኛው ውስጥ የሴት ድምፅ «ጭራሽ ፖሊስ ይዘው መጡ» ሲል ሰማሁ። ለካ በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ። ወደ መኪናው ተመለስኩ።

ያኔ ላቀው ሲናን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። መንገዱ መሐል ላይ አወረዳትና አፏን አስከፈታት። ገዲሴ ሁለት ጠብታ አደረገችላት። ልጅቷ ፊቷን አኮማተረች። በየአጥሩ ቀዳዳ ዓይን ነበረ። ከዚያ ላቀው ወደ ቀጣዩ በር ሄዶ በመዳፉ መታው። የጫልቱ ቤት ነው።

«ጫልቱ፣ እኔ ነኝ።»

«ላቀው፣ አስገድደውህ ነው? ሊፈቱህ ብለው ነው?»

«አይደለም።»

«እና ምንድን ነው?»

«የገደላት ሌላ ሰው ነው። ቤቴ አስገብቻት ቢሆን ግን ሲመሽ ብቻዋን በየደጁ አትዞርም ነበር። እኔ አባረርኳት፣ አንቺ ዘጋሽባት። ክፈቺ እህቴ።»

የቆርቆሮው በር ተንጣጣና ጫልቱ ሁለት ልጆቿን ወደፊት ገፋቻቸው። ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም።

ማታ ስንቆጥር የተከፈተው አሥራ አራት በር ነበር። በዚያው ዕለት ደግሞ ጎረቤት ሰፈር ፉሪ ውስጥ አዲስ ወረቀት ተገኘ፤ ክትባቱ መርዝ መሆኑን የመሰከረች ነርስ በፖሊስ ተገደለች፣ ለአሥር ሰው አስተላልፉ ይላል። በሪፖርቴ ላይ ወሬው ሐሰት መሆኑ ተረጋግጧል ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ብዕሩን ሳስቀምጥ ግን በራሴ ላይ ሣቅኩ፤ ደስ የማይል ሣቅ ነው።

እሑድ ጠዋት ገዲሴ ሥራ ስትገባ ላቀው ከጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ነበር። ማንም አልጠራውም። ሳጥኑን ከእጇ ተቀበላት።

«ዘጠና ሁለት ቤት ይቀረናል» አላት።